የመንገዱን ሰዓት በሰኞ ጠዋት ቁጠሩት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጋዜጣችሁ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ርቀት ደጋግሞ ጽፏል። አንድ ጥያቄ ግን ሁሌም ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከቤት ሥራ ቦታ ለመድረስ ስንት ሰዓት ቢፈጅ ነው «ይሁን» የሚባለው? አንዱ «ከአንድ ሰዓት በላይ አይታሰብም» ይላል። ሌላው «አዲስ አበባ እየኖርክ አንድ ሰዓት ተኩል ምን አላት!» ብሎ ያሾፍበታል። ሁለቱም ቁጥር ጠሩ እንጂ ምኑን እንደለኩ አልተናገሩም። በትራንስፖርት ዕቅድና በሠራተኛ አስተዳደር የምንሠራ ሰዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ከቁጥሩ በፊት አቆጣጠሩ ይስተካከል ብለን ነው።

ብዙ ሰው ሲጠየቅ የሚናገረው ተሽከርካሪ ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ብቻ ነው። ኮዬ ፈጬ እየኖረ ካዛንቺስ የሚሠራ ሰው እንውሰድ። ከብሎኩ እስከ ታክሲ ተራው በእግር 8 ደቂቃ፣ ሰልፍ 25፣ እስከ መገናኛ 45፣ መገናኛ ላይ ሁለተኛ ሰልፍ 15፣ እስከ ካዛንቺስ 15፣ ከወረደበት እስከ መሥሪያ ቤቱ 7። ድምሩ 115 ደቂቃ ነው። ሰውየው ግን «አንድ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው» ይላል። አልዋሸም፤ 45 እና 15 ሲደመር 60 ነው። የቀረውን 55 ደቂቃ ቆሞና ተራምዶ ስላሳለፈው ከመንገድ አልቆጠረውም። ትክክለኛው ቆጠራ የቤቱ በር ሲቆለፍ ይጀምራል፣ የመሥሪያ ቤቱ የአሻራ ማሽን ሲነካ ያበቃል።

ከእነዚህ ቁርጥራጮች ውስጥ ተንኮለኛው ሰልፉ ነው፤ ምክንያቱም ታክሲ በብዛት በሚፈለግበት ሰዓት የታክሲው አቅም ራሱ ይቀንሳል። በአንድ መስመር ላይ 30 ሚኒባሶች ተሰማርተዋል፣ እያንዳንዱም 12 ሰው ይጭናል እንበል። መንገዱ ክፍት ሆኖ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ሲፈጅ በሰዓት 360 ሰው ይነሣል። ጠዋት ተጨናንቆ ሁለት ሰዓት ሲፈጅ ግን እነዚያው 30 ታክሲዎች የሚያነሡት 180 ሰው ነው። በሰዓት 300 ሰው ወደ ተራው ቢመጣ፣ ረፋድ ላይ ሰልፍ አይኖርም፤ ጠዋት ግን በመጀመሪያው ሰዓት ማብቂያ 120 ሰው ቆሞ ይቀራል፣ መጨረሻ የቆመውም 40 ደቂቃ ይጠብቃል። አንድም ታክሲ አልጠፋም፣ አንድም ሾፌር አልሰነፈም። ከዚህ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ማደያ የተሰለፉትን ቀንሱ። በዚህ ስሌት ከቤት 25 ደቂቃ ቀድሞ መውጣት ከሰልፉ ላይ 17 ደቂቃ ያህል ሊያተርፍ ይችላል፤ ሰልፉ ገና አልተጠራቀመምና። ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ ነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጀሞ፣ አራብሳና አባዶ ሰው በሰው የሚሆኑት።

መስመር መቁረጥም ከዚሁ ይመጣል። ሾፌሩ የሚከፈለው በኪሎ ሜትር በተተመነ ታሪፍ ነው እንጂ በደቂቃ አይደለም። መጨናነቁ መሀል ላይ ከሆነ ያን ክፍል ሁለት ጊዜ ከሚያልፍ ክፍቱን ጫፍ ሦስት ጊዜ ቢመላለስበት ይሻለዋል። ረዳቱ ታፔላው ላይ የተጻፈውን ትቶ ግማሽ መንገድ ላይ ያለውን ሠፈር ይጠራል፣ ተሳፋሪው እዚያ ወርዶ እንደገና ይሰለፋል። ጉዳቱ በገንዘብም ነው፤ አጭር ጉዞ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከረጅሙ ስለሚወደድ ሁለት ግማሽ መንገድ ከአንድ ሙሉ መንገድ በላይ ያስከፍላል። ስለዚህ ጉዞአችሁን ስታሰሉ ታፔላው የሚለውን አትመኑ። ከሥራ መግቢያ በፊት ባለው ሰዓት ታክሲው በእርግጥ የት ድረስ እንደሚጭን እዚያው ተራ ላይ ያሉ ተሳፋሪዎችን ጠይቁ።

የከተማው ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የጉዞ ሰዓቱን መዋዠቅ ያስቀራል ተብሎ ነበር፣ በከፊልም ያስቀራል። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚዘልቁት ሁለት መስመሮች የራሳቸው ሐዲድ ስላላቸው፣ አንዴ ከተሳፈሩ በኋላ ያለው ጊዜ ብዙም አይለያይም። የሚለያየው መጠበቂያው ነው፤ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙ ባቡሮች ስላሉ በሁለት ባቡሮች መካከል ያለው ጊዜ ሰፍቷል። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩም የአንዱ መዘግየት ለሌላው ይተርፋል። አያት ላይ የሚሳፈር ባዶ ባቡር ያገኛል፣ መገናኛ ላይ የሚጠብቅ ግን ሞልቶ የመጣ ባቡር ሊያልፈው ይችላል። ከከተማ ጫፍ መኖር የሚጠቅምበት አጋጣሚ ቢኖር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ። አሥር የሥራ ቀናት ይበቃሉ፤ በየቀኑ አራት ሰዓት ብቻ ጻፉ፤ በር የተቆለፈበት፣ ሰልፍ የተያዘበት፣ ተሽከርካሪው የተንቀሳቀሰበት፣ አሻራ የተነካበት። ሁለት ታክሲ የሚይዝ ሁለተኛውን ሰልፍም ይጨምር። ከዚያ የአሥሩን ቀን ድምር ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ። ለምሳሌ በደቂቃ 62፣ 65፣ 68፣ 70፣ 70፣ 74፣ 78፣ 85፣ 105 እና 130 ወጣ እንበል። አማካዩ 81 ገደማ ነው። በአማካዩ ተማምኖ ከመግቢያ ሰዓቱ 81 ደቂቃ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ግን ከአሥሩ ቀን ሦስቱን ያረፍዳል። በወር ስድስትና ሰባት ቀን መሆኑ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የማይጽፍ አለቃ ካለ እሰየው። ከአሥሩ ከአንድ ቀን በላይ ላለማርፈድ መያዝ ያለበት ዘጠነኛው ቁጥር፣ ማለትም 105 ደቂቃ ነው። በ70 ደቂቃ በደረሰበት ቀንም ቢሆን ከእንቅልፉ የተነሣው ለ105 ደቂቃ አስቦ ነው፣ የተረፈው 35 ደቂቃ የሚያልቀው መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ወይም ሻይ ቤት ነው። ከዚህ በታች «የመንገድ ሰዓት» የምንለው ይህን ዘጠነኛ ቁጥር ነው። ለማታው ጉዞ መካከለኛው ቁጥር ይበቃል፤ እቤት አርፍዶ በመድረስ ደመወዝ የሚቆርጥ የለምና።

የምትለኩበት ወቅትም ያሳስታል። ነሐሴ ውስጥ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ከተማው ይቀላል። በነሐሴ ቤት ተከራይቶ በጥቅምት የሚያለቅስ ሰው ብዙ ነው። በሌላ በኩል ሐምሌ ላይ ዝናብ ያጠለቀለቀው አንድ አስፋልት የሳምንቱን ልኬት ሊያበላሽ ይችላል፣ የካቲት ላይ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደረግ የሚዘጉ መንገዶች አሉ። ጥቅምት አጋማሽና ኅዳር ለልኬት ይመቻሉ። ገና ሥራውን ወይም ቤቱን ያልያዘ ሰው አሥር ቀን መመላለስ ካልቻለ፣ ቢያንስ አንድ ሰኞና አንድ ረቡዕ፣ ከነሻንጣው፣ በትክክለኛው ሰዓት ይሂድበት። የደላላው «አሥር ደቂቃ» እሑድ ጠዋት፣ በላዳ፣ መብራት ሳይዝ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። የትራንስፖርት አጥኚዎች የሚጠቅሱት አንድ የቆየ ሐሳብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያኮቭ ዛሃቪ፣ በ1994 ደግሞ ጣሊያናዊው ፊዚሲስት ቼዛሬ ማርኬቲ ሰዎች በየዘመኑና በየአገሩ በቀን በአማካይ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ በጉዞ እንደሚያሳልፉ አስረድተዋል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2019 የሠራተኛው አማካይ የአንድ መንገድ ጉዞ 27.6 ደቂቃ ነበር። ይህን ይዞ «ግማሽ ሰዓት ነው ልኩ» የሚል አለ፤ እኛ ግን ለአዲስ አበባ እንዳለ አንወስደውም። ያ ቁጥር የሚገልጸው ቤቱንም ሥራውንም እያመዛዘነ የሚመርጥን ሰው ነው። ኮንዶሚኒየም ግን የሚደርሰው በዕጣ ነው፣ ዕጣው ደግሞ ባለዕድሉ የት እንደሚሠራ አይጠይቅም። ዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የወጣለትን ሰው «ራቀህ፣ ተወው» ማለት ቀልድ ነው።

ስለዚህ ከ24ቱ ሰዓት እንነሣ። ሥራና ምሳ 9 ሰዓት ይወስዳሉ፣ እንቅልፍ ቢያንስ 7። መታጠብ፣ መልበስ፣ ቁርስ፣ እራትና የቤት ሥራ ተጠቃለው 3 ሰዓት ተኩል። የቀረው 4 ሰዓት ተኩል ነው፣ መንገዱም ልጁም ንባቡም ልቅሶ መድረሱም ከዚያ ላይ ይካፈላሉ። የአንድ መንገድ ሰዓታችሁ 45 ደቂቃ ከሆነ 3 ሰዓት ይተርፋችኋል፤ ይህ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ተገቢ ነው። አንድ ሰዓት ከሆነ 2 ሰዓት ተኩል ይተርፋል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ታክሲ መቀየር ከሌለበት ለዓመታት ይቻላል። አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን መቀመጫ ማግኘት ግዴታ ነው። በሰርቪስ ተቀምጦ 75 ደቂቃ መሄድ በሃይገር ቆሞ 50 ደቂቃ ከመሄድ አይከፋም፤ የተቀመጠ ሰው ያነባል ወይም ያሸልባል፣ የቆመ ሰው ኪሱን ይጠብቃል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሲሆን ግን የምናየው የሚሰረቀው ሁልጊዜ እንቅልፍ መሆኑን ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ ማብቂያው በቀን መቁጠሪያ ላይ ከተጻፈ ብቻ ተቀበሉ፤ የሙከራ ጊዜው እስኪያልቅ፣ ልጁ ክፍል እስኪዛወር፣ የሌላኛው መሥሪያ ቤት መልስ እስኪመጣ።

የተሽከርካሪ ለውጥ ለብቻው ቅጣት አለው። እያንዳንዱ ለውጥ ሁለተኛ ሰልፍ፣ ሁለተኛ ታሪፍና ሁለተኛ የመዘግየት ዕድል ነው። በኛ ግምት አንዱ ለውጥ በልኬታችሁ ላይ የ10 ደቂቃ ተጨማሪ ጉዞ ያህል ይክበዳችሁ። ሁለት ቦታ የሚያስቀይር የ55 ደቂቃ መንገድና በአንድ ታክሲ የሚያደርስ የ75 ደቂቃ መንገድ ቢቀርብላችሁ፣ ሁለተኛውን ብትመርጡ አልተሳሳታችሁም።

ደመወዝም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት። በወር 22 ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት መንገድ 66 ሰዓት ነው፤ ያለ ክፍያ ከስምንት የሥራ ቀን በላይ መሥራት ማለት። በምሳሌ እንየው። ሩቁ መሥሪያ ቤት የተጣራ 15,000 ብር ይከፍላል፣ ትራንስፖርቱ በቀን 120 ብር ነው፣ በወር 2,640። የሚተርፈውን 12,360 ብር ለ176 የሥራ ሰዓትና ለ66 የመንገድ ሰዓት አካፍሉት፤ በሰዓት 51 ብር ይመጣል። ቅርቡ መሥሪያ ቤት 13,000 ብር ይከፍላል፣ መንገዱ በአንድ ወገን ግማሽ ሰዓት፣ ትራንስፖርቱ በወር 880 ብር ነው። 12,120 ብር ለ198 ሰዓት ሲካፈል 61 ብር ነው። 2,000 ብር ያነሰው ደመወዝ በሰዓት 10 ብር በለጠ። በእጅ የሚገባው የወር ገንዘብ ግን አሁንም በ240 ብር ያንሳል፤ በወር መጨረሻ እጅ የሚያጥረው ሰው ይህን ማየቱ ተገቢ ነው። የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት፣ ቀመሩ ያው ነው።

የኮንዶሚኒየሙን ቤት አከራይቶ ከሥራ አቅራቢያ ጠበብ ያለ ቤት መከራየት የብዙዎች መፍትሔ ነው። የኪራዩ ልዩነት በወር 3,000 ብር ሆኖ፣ ከትራንስፖርት 1,700 ብር እና ከመንገድ 44 ሰዓት ቢተርፍ፣ አንዱን ሰዓት በ30 ብር ገደማ ገዛችሁት ማለት ነው። ከላይ ካየነው 51 ብር አንጻር ርካሽ ነው። ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውልን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያስገድዳል፤ ቤታችሁን ስታከራዩ ለሁለት ዓመት አትመለሱበትም ማለት ነው። በአንጻሩ እናንተ በምትከራዩት ቤት አከራዩ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቃችሁ አይችልም፤ ስድስት ወር የሚል ካለ አዋጁን አሳዩት። የደላላ ክፍያንና የዕቃ ማጓጓዣን በ24 ወር አካፍላችሁ ከወር ወጪው ላይ መደመርም አትርሱ። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ግን ይህን አያድርግ፤ ሥራው ከቀረ ቤቱ ከሁለት ያጣ ያደርገዋል።

ልጅ ያለው ቤተሰብ ጋ ደግሞ ጉዞውን የሚወስነው ሥራው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው። ወላጅ «ከሥራዬ አጠገብ ይማር፣ አብረን እንሄዳለን» ሲል ሕፃኑን የአዋቂ መንገድ ያስጉዘዋል። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከ40 ደቂቃ በላይ አንመክርም። በዚያ ላይ ተማሪው ከቀትር በኋላ 9፡30 አካባቢ ሲለቀቅ መሥሪያ ቤቱ የሚዘጋው 11፡30 ነው፣ ሁለቱ ሰዓት የማን ነው? አመላላሽ ያለው የሠፈር ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

የመድረሻ ሰዓቱ ራሱ ሊታይ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ነው። በ11፡30 የወጣ ሠራተኛ መንገዱ 45 ደቂቃ ከሆነ ብርሃን ሳይሸሽ ወይም ገና ዓይን ሲይዝ ይገባል። አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ ግን ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው የሚደርሰው። ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ ያለው መንገድ መብራት ከሌለው፣ በተለይ ለሴቶች፣ ያ የመጨረሻ 10 ደቂቃ ከቀሪው ሰዓት ሁሉ የበለጠ ሊመዘን ይገባል። ለዚህ ሲባል ባጃጅ የሚያዝ ከሆነ ዋጋው ከትራንስፖርት ወጪው ላይ ይደመር።

ለአሠሪዎችም የምንለው አለን። ሰርቪስ ያለው ድርጅት መስመሩን አሁኑኑ ይመርምር። እያንዳንዱ ፌርማታ ከማቆምና ከመጠበቅ ጋር ሁለት ደቂቃ ያህል ይበላል፤ 15 ቦታ የሚቆም አውቶቡስ በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያጠፋል። ወደ ሠፈር ውስጥ መግባት ቀርቶ ዋና መንገድ ላይ ብቻ ይቁም፣ ፌርማታው ከ8 አይብለጥ፣ የዘገየን ሰው ከሁለት ደቂቃ በላይ አይጠብቅ። ሥራ አስኪያጁን ከቤቱ በር ለማንሣት 40 ሰው የሚያዞር ሰርቪስ አለ፤ ይቅር። ሌላው ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጋራ አገልግሎት በመደበው ወይም ለዚሁ በተከራየው ተሽከርካሪ ሲመላለሱ የሚደርስ ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ አደጋ ይቆጠራል። ያው ሠራተኛ በራሱ ወጪ በያዘው ታክሲ ቢጎዳ ግን ይህ ጥበቃ አይሸፍነውም። ሁለት የሥራ ዕድል ሲነጻጸር «ሰርቪስ አለው» የሚለው ቃል ከታሪፍ ቁጠባ በላይ ይመዝናል።

ሰርቪስ ለመግዛት አቅም የሌለው መሥሪያ ቤት ደግሞ የመግቢያ ሰዓቱን ማላላት ይችላል። ከ1፡30 እስከ 3፡00 ባለው ጊዜ ግቡ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ሥሩ፣ ከ3፡30 እስከ 9፡30 ሁላችሁም ተገኙ ማለት ይበቃል። የአሻራ ማሽኑ ገብቶ የወጣበትን ስለሚመዘግብ ድምሩን ለማውጣት አዲስ ዕቃ አያስፈልግም። ባለጉዳይ የሚያስተናግድ መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ በፈረቃ ይመደባል እንጂ አይካተትም። ከላይ ባነሣነው ስሌት ከ300ው ተሳፋሪ 120ው ብቻ ወደ ሌላ ሰዓት ቢሸሽ ሰልፉ ጨርሶ አይፈጠርም ነበር።

በመጨረሻ ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው አለ። በቤት ሽያጭና ኪራይ ገጾቻችሁ የሚወጡት ማስታወቂያዎች «ከመገናኛ 12 ኪሎ ሜትር» ወይም «ለትራንስፖርት አመቺ» ይላሉ። አስነጋሪዎቹ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሥቶ መገናኛ፣ ሜክሲኮ ወይም አራት ኪሎ የሚደረስበትን ሰዓት፣ ሰልፉ ተጨምሮ፣ እንዲጽፉ ብትጠይቁ ገዢውም ተከራዩም ይጠቀማል። የማይጽፍ ካለ ቦታውን ባዶ ተዉት፤ አንባቢው ይገባዋል።

ከሰላምታ ጋር
በትራንስፖርት ዕቅድና በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይ ካለን አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ